ገበሬው ወደ 8028 የሚደውለው በምን ምክንያት ነው?

ጥያቄ፦
ሰዎች የሞባይል የመረጃ አገልግሎትን እንዲቀበሉ የሚገፋፋቸውን ምክንያት ለመመረቂያ ጽሑፌ እያጠናሁ ነው። ፍሬድ ዴቪስ በ1989 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የቴክኖሎጂ ተቀባይነት ሞዴል፣ ተጠቃሚው አገልግሎቱ ይጠቅመኛል፣ አያስቸግረኝም ብሎ ማመኑን ያስቀድማል። ይህ በ2006 ዓ.ም. ሥራ ለጀመረው የ8028 የግብርና መረጃ መስመር በቂ ማብራሪያ ይሆናል ትላላችሁ?

መልስ 1፦
ሞዴሉ ጥሩ መነሻ ነው፤ በእኔ ግምት ግን ከሁለቱም የሚቀድመው ወጪ ነው። ወደ 8028 መደወል ነፃ ነው። መረጃው በድምፅ ተቀርጾ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ በመቅረቡም፣ ማንበብ የማይችል ገበሬ ሳይቀር በተራ ስልክ ቁጥር እየተጫነ ስለ ጤፍ ወይም ስለ በቆሎ አዘራር መስማት ይችላል።

መልስ 2፦
በወጪው እስማማለሁ። ሆኖም አንድ ጊዜ መደወልና ደጋግሞ መደወል የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለመጀመሪያው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም የጎረቤት ምክር ሊበቃ ይችላል፤ ለሁለተኛው ግን ምክሩ ከአካባቢው አየር ጠባይና ከዘር ወቅቱ ጋር መግጠም አለበት። ማዳበሪያው በወቅቱ ካልደረሰ፣ ስለ አጨማመሩ የሚሰጠው ምክር የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ገበሬው ምን ያደርግበታል? ሞዴሉ ይህን አይነካውም።

መልስ 3፦
ስልኩ በማን እጅ እንደሚውልም ይጠይቁ። በብዙ የገጠር ቤቶች ስልኩን የሚይዘው ባል ስለሆነ፣ ጓሮውንና ዶሮውን የምትንከባከበው ሚስት አገልግሎቱን ብትፈልገውም ላታገኘው ትችላለች። (ብዙ መጠይቆች አባወራውን ብቻ አነጋግረው ይመለሳሉ።)