ፕሬድኒሶሎን ለአክስቴ ልጅ ሠርቶ ለወንድሜ አልሠራም፤ እናቁመው?

የሐይቋ፦
ያገር ልጆች፣ እንዴት አመሻችሁ? ቶሎ መልስ እፈልጋለሁ። ትንሹ ወንድሜ ፊቱም እግሩም አብጦ «የኩላሊት ነው፣ ኔፍሮቲክ ሲንድረም» ተባለ፤ ኩላሊቱ ፕሮቲን በሽንት ያፈሳል ማለት ነው አሉን። ፕሬድኒሶሎን ከጀመረ አምስተኛ ሳምንቱን ያዘ። እብጠቱ ንቅንቅ አላለም። የአክስቴ ልጅ አምና በዚሁ ክኒን በአሥር ቀን ነው የዳነው። አሁን የቀረን የነገ ጠዋት ክኒን ብቻ ነው። እናቴ «ፊቱን ከማሳበጥ በቀር ምን ፈየደለት? ከእንግዲህ አይውጥም» ብላለች። መድኃኒቱ አስመስለው የሠሩት ይሆን? ወይስ ከደሙ ጋር አልተስማማም?

ፋርማሲስት ከኮምቦልቻ፦
እህቴ፣ በድንገት አታቁሙት! ፕሬድኒሶሎን ስቴሮይድ ነው፤ ሰውነቱ ራሱም ኮርቲሶል የሚባል የዚሁ ዓይነት ሆርሞን ያመርታል። ስቴሮይድ ለሳምንታት ሲወሰድ ያ ማምረቻ ይተኛል። ክኒኑ ድንገት ሲቋረጥ ልጁ ሊያስመልሰው፣ የደም ግፊቱ ሊወርድ፣ ራሱን ሊስት ይችላል። መቀነስ ካለበት ሐኪም ነው ቀስ በቀስ የሚቀንሰው። ዕድሜው ስንት ነው? ክብደቱስ? በቀን ስንት ሚሊግራም? ሌላ የሚወስደው መድኃኒት አለ?

የቦርከና ልጅ፦
አብሽሪ። እኛ ቤት ቡና ሲፈላ እኔ ሦስቱንም ጠጥቼ እንቅልፌን እለጥጠዋለሁ። ታላቅ እህቴ አቦሉን ቀምሳ እስከ ንጋት ኮርኒስ ስትቆጥር ታድራለች። ያው ጀበና፣ የወለደችንም ያችው እናት! መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ጨው ግን ቀንሱለት።

ጡረተኛው መምህር፦
የቦርከና ልጅ በጨዋታ የተናገረው ሳይንስ ነው። ስቴሮይድ ሴል ውስጥ ሲገባ የሚይዘው ተቀባይ አለ። ተቀባዩን የሚሠራው ዘረ መል ኤንአር3ሲ1 ይባላል፤ ክሮሞሶም 5 ላይ ነው ያለው። በዚህ ዘረ መል ላይ ከሰው ሰው ትንንሽ ልዩነት አለ። ኤን363ኤስ የተባለው ልዩነት ያለበት ሰው ለስቴሮይድ ይበልጥ ስሱ ይሆናል። ኢአር22/23ኢኬ ያለበት ደግሞ ደንደን ይላል። አስም ላይም እንዲሁ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ የሚሳበው ስቴሮይድ የሚያመጣው ለውጥ ጂኤልሲሲአይ1 ከሚባል ዘረ መል ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል።

ለወንድምሽ ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እዚህ በሽታ ላይ ስቴሮይድ የሚሰጠው የሰውነትን መከላከያ ለማረጋጋት ነው። ኩላሊት ደግሞ ፕሮቲን ወደ ሽንት እንዳይፈስ የሚይዝ ወንፊት አለው። ወንፊቱን ከሚያያይዙት ፕሮቲኖች አንዱ ፖዶሲን ነው። የፖዶሲን ዘረ መል ኤንፒኤችኤስ2 ይባላል። እሱ ከእናትም ከአባትም ተበላሽቶ ከተወረሰ ወንፊቱ ከመጀመሪያውም የተቀደደ ነው። የተቀደደ ወንፊት በስቴሮይድ አይጠገንም። እናትና አባት ጤነኛ ሆነው ልጅ ሊታመም ይችላል። ማንም ጥፋተኛ አይደለም፤ ይህን ለእናትሽ ንገሪልኝ።

ከወልድያ፦
ጋሼ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን መድኃኒት ቶሎ እናቃጥላለን ሲባል ሰምቼ ነበር። እሱ ይሆን እንዴ?

ጡረተኛው መምህር፦
የሰማኸው ጉበት ውስጥ መድኃኒት ስለሚሰባብረው ስለ ሲዋይፒ2ዲ6 ኢንዛይም ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ዘረ መል ትርፍ ቅጂ ነበራቸው። ኮዴይን ለሚባለው የሕመም ማስታገሻ ትልቅ ጉዳይ ነው። ፕሬድኒሶሎን ግን በዚያ በር አያልፍም።

ደሴ ፒያሳ፦
ይቅርታ፣ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። የአክስትሽ ልጅ በሽታ ያው መሆኑን ማን አረጋገጠ? እብጠት ከልብም ከጉበትም ይመጣል። ዘረ መል ጋ ከመድረሳችን በፊት ልጁ ክኒኑን በትክክል ይውጣል ወይ? ያስመልሰዋል ወይ? ፋርማሲስቱ የጠየቀው እኮ እስካሁን አልተመለሰም።

እትዬ ከመርሳ፦
ጨው ቀንሱለት ልጆቼ። በርበሬው ውስጥ ያለውንም ጨው ቁጠሩት። በዱዓ አንረሳውም።

የሐይቋ፦
9 ዓመቱ ነው፣ 24 ኪሎ። ባለ 5 ሚሊግራሙን ስምንት ፍሬ ጠዋት ጠዋት ይውጣል። አያስመልሰውም። ከጀመረ ወዲህ ሽንቱ አልተመረመረም። ሌላ የሚወስደው የቲቢ መድኃኒት ብቻ ነው። እሱን የሚሰጠው ሌላ ጤና ጣቢያ ነው፤ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። የተለየ በሽታ ስለሆነ ነው ያልጻፍኩት።

ፋርማሲስት ከኮምቦልቻ፦
እህቴ፣ ዋናው ነገር ይሄ ሊሆን ይችላል! ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ ሪፋምፒሲን ነው። ሽንቱን ብርቱካንማ ያደርገዋል፣ አይደል? ሪፋምፒሲን ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ3ኤ4 የሚባለውን ኢንዛይም ያነቃቃል። ያኔ ፕሬድኒሶሎኑ ሥራውን ሳይጨርስ ተሰባብሮ ይወጣል። የዋጠው 40 ሚሊግራም ቢሆንም ሰውነቱ የሚጠቀምበት ከዚያ ያነሰ ነው።

የቲቢውን እንዳታቋርጡ። ፕሬድኒሶሎኑንም በራሳችሁ እንዳትጨምሩ። ነገ የሁለቱንም መድኃኒት ማሸጊያና የቲቢውን ካርድ ይዛችሁ ደሴ ሂዱ። የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንትም ያዙ። ለሐኪሙ ገና ስትገቢ «ሪፋምፒሲን እየወሰደ ነው» በይው። ሽንቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ይለካ። ፊት ክብ የሚለው ከስቴሮይዱም ሊሆን ስለሚችል በዓይን መገመት ያሳስታል። ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ካለው ግን ነገን አትጠብቁ፣ አሁኑኑ ውሰዱት።

ጡረተኛው መምህር፦
ፋርማሲስቱ ልክ ነው፤ መቅደም ያለበት ይሄ ነው። መጠኑ ተስተካክሎ፣ ሐኪሙ የሰጠው ጊዜ አልፎም ሽንቱ ከፕሮቲን ካልጠራ ግን ስለ ባዮፕሲ (ከኩላሊቱ ትንሽ ናሙና ወስዶ መመርመር) እና ስለ ዘረ መል ምርመራ ጠይቁ። ምክንያቱ ዘረ መል ሆኖ ሳለ ለወራት ስቴሮይድ ማስዋጥ ልጁን መጉዳት ነው። ቁመቱን ያቀጭጨዋል፣ አጥንቱን ያሳሳዋል።

የሐይቋ፦
ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝ። «ማንም ጥፋተኛ አይደለም» የሚለውን ድገሚልኝ አለች። ትኩሳት የለውም። ጠዋት 12 ሰዓት እንወጣለን።

ደሴ ፒያሳ፦
ማደሪያ ካስፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። እናቴ ብቻዋን ናት፣ ቤቱ ሰፊ ነው።

ፋርማሲስት ከኮምቦልቻ (ከአራት ቀን በኋላ)፦
የሐይቋ፣ የሽንቱ ፕሮቲን ስንት መጣ?