ጌሙ ሩብ ሰዓት ይሮጥና ይደክመዋል፤ ግራፊክስ ካርድ ልቀይር?

ሽሮሜዳ_19፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ኮምፒውተሬ እያበሳጨኝ ነው፤ ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ዕቃው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ነው፤ ትልቁ ሳጥን። ከሁለት ዓመት በፊት መርካቶ ነው የገዛሁት፣ ያገለገለ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5 4590፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ ግራፊክስ ካርዱ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ባለ 4 ጊጋ። ሃርድ ዲስኩ አብሮት የመጣው 500 ጊጋ ነው። የምጫወተው ጂቲኤ 5 ነው፤ አንዳንዴ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ኳስ።

ስከፍተው ሸጋ ነው። በሰከንድ 55፣ 60 ፍሬም (ሥዕል) ይሰጠኛል። ሩብ ሰዓት ያህል እንደተጫወትኩ ግን ይጀምረዋል። መኪናው እየበረረ ሳለ ድንገት እንደ ፎቶ ቀጥ ይላል። 20 ይወርዳል፣ ትንሽ ቆይቶ 40 ይላል፣ ተመልሶ 18። ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። እናቴ ከጓዳ ሆና «ያን ነገር አጥፋው፣ ሊፈነዳ ነው» ትለኛለች።

ጌም ቡስተር የሚባል ፕሮግራም ጫንኩ። ምንም። ሴቲንጉን ሁሉ ዝቅ አደረግኩት፤ ጌሙ አስቀያሚ ሆነ እንጂ መንቀራፈፉ አልቀረም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዕቁብ ይደርሰኛል። ያቺን ብር ግራፊክስ ካርድ ላይ ላውላት አስቤያለሁ። ልክ ነኝ?

ኪያ_የ22፦
ፎርማት አድርገው።

ዱባይ_ዕቃ፦
1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ አለኝ። ንጹህ፣ ብዙም ያልተሠራበት። ኢንቦክስ።

ካውያ_ሜክሲኮ፦
እንዳትገዛ። ለዛሬ እንኳን ተው።

1660 ሱፐር አንተ ቤት አይነሳም። 125 ዋት ይበላል፤ ከፓወር ሰፕላይ (ለሳጥኑ ኤሌክትሪክ ከሚያድለው ክፍል) የራሱ ገመድ ይፈልጋል። የዚያ ሳጥን ፓወር ሰፕላይ 290 ዋት ነው፣ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ገመድም የለውም። ልቀይረው ብትል ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው የዴል የራሱ ባለ 8 እግር ነው። ከሱቅ የምታመጣው ያለ አስማሚ አይገባበትም። 1050 ቲአይ ለእንዲህ ያለ ሳጥን የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው፤ 75 ዋት ብቻ ስለሆነ የሚበቃውን ከተሰካበት ቦታ ይወስዳል።

ደግሞ የጻፍከውን ራስህ አንብበው። «ሩብ ሰዓት ያህል እንደተጫወትኩ።» ካርዱ አቅም ቢያንሰው ኖሮ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ያንሰው ነበር። ሴቲንጉን ስትቀንስለትም ቀለል ይለው ነበር። በደንብ ጀምሮ ቆይቶ የሚወድቅ ኮምፒውተር ሲመጣልኝ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሙቀትን ነው።

ያ ፕሮሰሰር 100 ዲግሪ ሲደርስ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል። 3.3 ጊጋኸርዝና ከዚያ በላይ የነበረው ፍጥነት ወደ 2፣ ከዚያም በታች ይወርዳል። ትንሽ ሲቀዘቅዝ ይነሳል፤ ሲነሳ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይወድቃል። 20፣ 40፣ 18 ያልከው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ግን ይሄ ግምት ነው። ለካና ንገረኝ። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባል መለኪያ ፕሮግራም ጫን፣ ነጻ ነው። ጌሙ ላይ እያለህ ጥግ ላይ እንዲጽፍልህ አድርገው። የፕሮሰሰሩን ሙቀትና ፍጥነት፣ የካርዱን ሙቀት፣ ካርዱ ስንት በመቶ እየሠራ እንደሆነ፣ ራሙን። 20 ደቂቃ ተጫወትና ቁጥሩን ጻፍልኝ። ጌም ቡስተሩንም አጥፋው። የሚሠራልህ ሥራ ክሮምንና ቴሌግራምን መዝጋት ነው፤ እሱን ጣትህም ይሠራዋል።

ሽሮሜዳ_19፦
ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ። ለካሁ።

ስጀምር ፕሮሰሰሩ 71 ዲግሪ፣ ፍጥነቱ 3.5። 12ኛው ደቂቃ ላይ 99፣ 100፣ 99። ፍጥነቱ 1.9፣ 2.2፣ 1.7 እያለ ይዋዥቃል። ካርዱ ግን 60 ዲግሪ ላይ ነው፤ ሥራው 38 በመቶ። ራሙ 7.1 ጊጋ ይዟል። 38 በመቶ ማለት ካርዱ ቁጭ ብሏል ማለት ነው?

ካውያ_ሜክሲኮ፦
እህትህ ነኝ። ችግር የለውም፣ ሁሉም ሰው ወንድሜ ነው የሚለኝ።

አዎ፣ ቁጭ ብሏል። ፕሮሰሰሩ ሥራ እስኪያቀብለው እየጠበቀ ነው። በዕቁብህ አዲስ ካርድ ብትገዛ ኖሮ እሱም አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር።

አሁን ሳጥኑ የት ነው የተቀመጠው? ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተውስ መቼ ነው?

ሽሮሜዳ_19፦
ይቅርታ እህቴ። ሳሎን ነው፣ ከቡፌው ጎን፣ ጀርባው ግድግዳ ነክቶ። ከገዛሁት ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም።

ደግሞ ጥያቄሽን ሳነብ ነው የታየኝ። እናቴ ዳንቴል አልብሳዋለች። አቧራ እንዳይገባበት ብላ። ከላይ ተነጥፎ በኋላ በኩል እስከ ታች ይወርዳል። ለሁለት ዓመት ሳየው ምንም አልመሰለኝም። ቴሌቪዥኑም ለብሷል፣ ሬዲዮውም ለብሷል፤ እሱ ብቻ ራቁቱን ይሁን?

ካውያ_ሜክሲኮ፦
ዳንቴል! ዳንቴል የለበሰ ኮምፒውተር ያንተ የመጀመሪያው አይደለም።

ያ ሳጥን ቀዝቃዛ አየር ከፊት ይስባል፣ ትኩሱን ከኋላ ይተፋል። ከኋላ ግድግዳና ዳንቴል ካለ የተፋውን መልሶ ይስበዋል። ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቀው፣ ዳንቴሉንም አንሳው።

ሳሎኑ ውስጥ ቡና ይፈላል? ዕጣንስ ይጨሳል? የምሬን ነው። ደረቅ አቧራ በብሩሽ ይሄዳል። ዕጣን የሚጨስበት ቤት አቧራ ግን ይጣበቃል፣ ብረቱ ላይ እንደ ባዘቶ ይጋገራል።

ስለዚህ ክፈተው። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ አሠራው፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መሃል ያለው የደረቀ ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ትንሽ ይለሰልሳል። ከዚያ አጥፋው፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀል፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለአሥር ሰከንድ ያህል ተጭነህ ያዝ። የሳጥኑን ብረት ነካ አድርግና ጀምር። ፓወር ሰፕላዩን ግን እንዳትፈታ፤ ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። በአፍህም አትንፋ፣ ምራቅ ይገባበታል። ብሎወር ካገኘህ ፋኑን በጣትህ ይዘህ ንፋ፤ እንዲሽከረከር አትፍቀድለት።

ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠው ብረት በአራት ብሎን ነው የታሰረው። አንዱን አላላ፣ ከዚያ ሰያፍ ያለውን። ሲፈታ ቀጥ አድርገህ አትሳበው፤ ግራ ቀኝ ወዝወዝ አድርገው። የድሮውን ፔስት በአልኮልና በንጹህ ጨርቅ አጥፋ። አዲሱን የምስር ፍሬ ያህል መሃሉ ላይ ጠብ አድርግ። ምስር ነው ያልኩህ፣ ባቄላ አይደለም። ስታስርም በሰያፍ፣ ተራ በተራ።

መምህር_ዘፊዚክስ፦
አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው (ከተማውን ማለቴ አይደለም) ወደ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ያው ፋን በያው ፍጥነት ዞሮ የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። ዩቲዩብ ላይ አንድ ፈረንጅ «የእኔ 62 ዲግሪ ነው» ቢልህ አትደንግጥ።

ካውያ_ሜክሲኮ፦
መምህር፣ ልክ ነህ። ግን ብርዱም አለልን፤ ይካካሳል። ዳንቴሉ ነው የማይካካሰው።

ሽሮሜዳ_19፦
እሑድ ከሰዓት ከፈትኩት። ወንድሜ በስልኩ እያበራልኝ።

የፋኑ ክንፎች ቡናማ ሆነዋል፤ በጣቴ ስነካቸው ይይዛሉ። ፋኑን ሳነሳው ከሥሩ ያለው ብረት አይታይም። ግራጫ ብርድ ልብስ ለብሷል። በጥርስ ብሩሽ አንዱን ጫፍ ስቤ ሳነሳው እንዳለ ተጠቅልሎ ወጣ፣ የመዳፌን ግማሽ ያህላል። አሸተትኩት። ዕጣን ዕጣን ይላል! ወንድሜ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ስልኩን ሊጥለው ነበር።

ፔስቱ እንደ ደረቀ ኖራ ነው የተፈረፈረው። አልኮሉን ከፋርማሲ ገዛሁ፣ ጠረግኩት፣ ብረቱ ፊቴን እስኪያሳየኝ ድረስ። አዲሱን በምስር ልኬት አደረግኩ። እናቴ ወጡን አማስላ ስትመለስ «ይሄ ሁሉ ከየት ወጣ?» አለች። ከዳንቴሉ ሥር ብዬ ልመልስላት ፈልጌ አፌን ያዝኩ። ልገጥመው ስል ደግሞ መብራት ሄደ። ሁለት ሰዓት ጠበቅን።

ውጤቱ ይኸው። 40 ደቂቃ ተጫወትኩ። ፕሮሰሰሩ ከ74 አላለፈም። ፍጥነቱ 3.5 ላይ ቀጥ ብሏል። ካርዱ 95 በመቶ እየሠራ ነው። ሴቲንጉን ወደ ነበረበት መለስኩት፣ 57፣ 60 ይላል። ፋኑ አይሰማም፤ በርቶ እንደሆነ ጎንበስ ብዬ አየሁ።

አንዲት ነገር ብቻ ቀረች። ከተማ ውስጥ በፍጥነት ስነዳ ለግማሽ ሰከንድ ቀጥ ይልና ይቀጥላል። ሕንጻዎቹም ዘግይተው ነው የሚመጡት።

ካውያ_ሜክሲኮ፦
ጎበዝ። ያቺ የዲስክና የራም ናት። ጌሙ ከተማውን እየነዳህ ሳለ ነው ከዲስክ የሚያነሳው። ያ አሮጌ ዲስክ ቢሻለው በሰከንድ 100 ሜጋ አካባቢ ነው፤ ያውም ፋይሉ ተደርድሮ ከጠበቀው። ተራ የሳታ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ) ከ500 በላይ ያነሳል። ፍሬም አይጨምርልህም፤ መደነቃቀፉን ነው የሚቀንስልህ።

ራምህ 7.1 ይዟል ብለሃል፣ ሞልቷል ማለት ነው። አንድ ዘንግ ከሆነ ደግሞ በአንድ መስመር ነው የሚሠራው። ያንተ ዓይነት ራም፣ ዲዲአር3 1600፣ በአንድ መስመር በሰከንድ 12.8 ጊጋባይት ነው የሚያሳልፈው፣ በሁለት 25.6። መሰሉን 8 ጊጋ ጨምርና መቆለፊያቸው አንድ ዓይነት ቀለም ባላቸው ቦታዎች ሰካቸው። ዕቁብህን እዚህ ላይ አውለው፤ ሁለቱን ገዝተህም የሚተርፍህ ይመስለኛል። በተረፈው ስታብላይዘር። መብራቱ ሲሄድ አይደለም የሚያስፈራኝ፣ ሲመለስ ነው።

ስክሪንህ 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ሥዕል የሚያሳይ) ከሆነ ፍሬሙንም 60 ላይ ገድበው፤ ከዚያ በላይ ያለው ሙቀት እንጂ ሥዕል አይሆንልህም። ሴቲንጉ ውስጥ ኤምኤስኤኤ የሚለውን (የሥዕሉን ጠርዝ የሚያለሰልሰውን) አጥፋ፣ ሣሩን ከአልትራ አውርደው። ከከተማ ወጥተህ ጫካ ስትገባ ካርዱን የሚያደክመው ሣሩ ነው።

ዱባይ_ዕቃ፦
ራምም አለኝ። ኢንቦክስ።

ኪያ_የ22፦
ፎርማትም ቢደረግ አይጠላም።

ሽሮሜዳ_19፦
ኪያ፣ ኤስኤስዲው ሲመጣ አዲስ ዊንዶውስ እጭንበታለሁ፤ ያን ጊዜ ምኞትህ ይሞላል።

እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናቴ ሳጥኑ ከግድግዳ መራቁን እሺ ብላለች። ዳንቴሉ ላይ ግን ተከራክረን ተከራክረን በመጨረሻ በኋላ በኩል የሚወርደውን ወደ ላይ አጣጥፋ በመርፌ ሰፋችው። ከላይ ያለው አይነሳም አለች። ምን ላድርግ?

ካውያ_ሜክሲኮ፦
ከላይ ቀዳዳ የለውም። ይቀመጥላት።