ባሕር ዳር ቤት ለምትከራዩ፦ ከክፍሉ በፊት ቆጣሪውን እዩ

የእህቴ ልጅ ለሥራ ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር ልትመጣ ነው። «ጋሼ፣ ቤት አገኘሁ፤ መብራትና ውሃው ግን እንዴት ነው የሚከፈለው?» ብላ ደወለች። በስልክ ግማሹን ነገርኳት፣ ግማሹን ረሳሁት። ለሌላውም ይሁን ብዬ ጻፍኩት።

መጀመሪያ ቆጣሪ። ደላላው የሚያሳያችሁ ሴራሚኩን ነው፣ በረንዳውን ነው፣ «ጣና በእግር አምስት ደቂቃ ነው» ይላችኋል (ሃያ ነው)። እናንተ ቆጣሪው የት እንዳለና ስንት ቤት እንደሚጠቀምበት ጠይቁ።

ቀበሌ 14 ስኖር ግቢው ውስጥ አምስት ተከራዮች ነበርን፣ ቆጣሪው አንድ። ሂሳቡ ሲመጣ ለአምስት ይካፈላል። የእኔ ዕቃ አንድ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀርና መጋቢት ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ሲብስ የምከፍታት ቬንትሌተር ነበረች። ጎረቤቴ ደግሞ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት ታስረክባለች። አልፈርድባትም፣ እንጀራዋ ነው፤ ትኩሱንም አንዳንዴ ታቀምሰኝ ነበር። ግን እኩል ነበር የምንከፍለው። አከራያችንን «እትዬ፣ ይሄ ነገር ትንሽ አይከብድም?» ብላቸው «ልጄ፣ ጉርብትና እኮ ነው» አሉኝ። ምን ይባላል እንግዲህ።

ሂሳቡን እንሥራው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ነው። ለቤት ብቻ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ብትጋግሩ 14 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በአራት ሳምንት 56። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው የሚሄደው፣ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይወደዳል፤ የመጀመሪያውና ርካሹ እርከን በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ምጣድ ብቻውን ከዚያ አስወጣችሁ ማለት ነው። አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲሆንማ ሁሉም ተደምሮ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል፤ በወር ከ200 ኪሎዋት ሰዓት ካለፈ ደግሞ ተጨማሪ እሴት ታክስም ይመጣል። ስለዚህ ለብቻው ቢሆን በርካሹ እርከን የሚቆጠርለት ባለ አንድ አምፖል ሰውዬ፣ ጎረቤቶቹ በበዙ ቁጥር የተጠቀማትን ትንሿን እንኳ በውድ ነው የሚከፍላት። ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ እንደሆነም አትርሱ።

ምርጫችሁ እንግዲህ ሦስት ነው። የራሱ ቆጣሪ ያለው ቤት ካገኛችሁ ኪራዩ ትንሽ ቢወደድም ውሰዱት፣ እኔ አላመነታም። ካልተገኘ የውስጥ ቆጣሪ አስገቡ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ይሸጣል፣ ባለሙያ ከዋናው ቆጣሪ ወዲህ በእናንተ መስመር ላይ ይገጥመዋል። እኔ በመጨረሻ ያደረግኩት ይሄንኑ ነው። ወሩ ሲገባ ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አነሳሁ፣ ሲያልቅ እንደገና አነሳሁ፤ 1240 የነበረው 1271 ሆነ። 31 ማለት ነው። የግቢውን ጠቅላላ ሂሳብ ለግቢው ጠቅላላ ኪሎዋት ሰዓት አካፍላችሁ በ31 ማባዛት ነው፣ ሌላ ጭቅጭቅ የለም። እትዬም ፎቶውን አይተው ዝም አሉ። ሦስተኛው መንገድ በስምምነት መኖር ነው፤ ምጣድ ያለው እጥፍ፣ ፍሪጅ ያለው ይሄን ያህል እያሉ። ሰዎቹ ጥሩ ከሆኑ ይሠራል፣ አንድ ሰው ሲቀየር ግን ይፈርሳል።

ቀድሞ የሚሞላ ካርድ ወይስ ከተጠቀማችሁ በኋላ የሚመጣ ቢል? ቆጣሪው ለብቻችሁ ከሆነ እኔ ካርድ እመርጣለሁ። የቀድሞው ተከራይ የበላውን እናንተ አትከፍሉም፣ ወጪያችሁንም በየቀኑ ታዩታላችሁ። ክፋቱ እሑድ ማታ ወጥ እየሠራችሁ ድርግም ሲል ነው። ትንሽ ቀሪ እያለ አስሞሉ። ቢል ከሆነ ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት አሮጌ ደረሰኝ ጠይቁና የደንበኛ ቁጥሩን ቴሌብር ላይ አስገብታችሁ እዩ። ያልተከፈለ ካለ ይወጣል። አንድ ጓደኛዬ ይሄን ሳያይ ገብቶ የሦስት ወር ውዝፍ ጠበቀው፣ መብራቱም ሊቆረጥ ነበር። አከራዩ «የድሮው ልጅ ይከፍላል» ይል ነበር፣ የድሮው ልጅ ስልኩ አይሠራም።

ለመክፈል ቴሌብርና ንግድ ባንክ ሁለቱም ይሆናሉ። ለመብራት እኔ ቴሌብር ነኝ፤ መልእክቱ ስልክ ላይ ይቀራል፣ ለግቢው ሰው ማሳየት ይቀላል። ዳታ ሲጠፋ *127# አለ፤ ሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ የከረመበትን ጊዜ ያየ ሰው በመተግበሪያ ብቻ አይተማመንም። ንግድ ባንክም *889# አለው። ኪራይን ግን በባንክ ላኩ፣ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «የጥቅምት ቤት ኪራይ» ብላችሁ ጻፉ። በእጅ የተሰጠ ብር ምስክር የለውም። መብራት ኃይል ላይ ቅሬታ ካላችሁ 905 ነው፣ ትዕግሥት ይዛችሁ ደውሉ።

ውሃ። እዚህ ሐይቁ አጠገብ ተቀምጠን ውሃ በፈረቃ ስንጠብቅ እንግዳ ይስቃል። ቤት ስታዩ ሮቶ አለ ወይ ብቻ አትበሉ፤ ሮቶው ለማን ነው፣ ቧንቧው ወደ እናንተ ክፍል ይመጣል ወይ፣ ውሃ በስንት ቀን ይመጣል ብላችሁ ተከራዮቹን ጠይቁ፣ አከራዩን ሳይሆን። ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ግፊቱ ስለሚደክም ውሃ መጥቶም ላይደርሳችሁ ይችላል። እኔ አምስት ቢጫ ጄሪካን ሁሌም ሞልቼ አስቀምጣለሁ።

ሂሳቡ ሲመጣ በኪዩብ ነው። አንድ ኪዩብ 1000 ሊትር ነው፣ ማለትም 50 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን። ብቻዋን የምትኖር ሴት በወር ስድስት ኪዩብ ተጠቀምሽ ከተባለች 300 ጄሪካን ቀዳሽ እየተባለች ነው። ይሄኔ ውሃው ሳይታወቅ እየፈሰሰ እንዳይሆን ጠርጥሩ። ማታ ቧንቧ ሁሉ ይዘጋና የቆጣሪዋን ትንሽ ተሽከርካሪ በስልክ መብራት እዩዋት። ከዞረች የሆነ ቦታ ይፈሳል። ብዙውን ጊዜ ሽንት ቤት ነው፣ ድምፅ ሳያሰማ ሲወርድ የሚያድረው።

ማብሰያ ላይ ብዙ አልልም። ብቻውን ለሚኖር ሰው ምጣድ መግዛት አይታየኝም፣ እንጀራ ግዙ። ወጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ላቀች ላይ በከሰል። ከሰሉን ግን በረንዳ ላይ፤ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ይገድላል። ጋዝ ፈጣን ነው፣ ሲሊንደሩ ሲያልቅ የሚሞላበት ማግኘት ነው ፈተናው። የግድ ምጣድ ካላችሁ በዲቫይደር አትሰኩት። 16 አምፔር ገደማ ነው የሚስበው። የጎረቤቴ ዲቫይደር ቀልጦ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ አይቻለሁ፤ ሽታው ለሁለት ቀን አልወጣም። የራሱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ይሠራለት።

ኢንተርኔት፦ ቤቱ ላይ ዓመት ሁለት ዓመት እንደምትቆዩ ካመናችሁ ፋይበር አስገቡ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ከተካፈላችሁት ደግሞ የሚያዋጣው እሱ ነው። ካልሆነ ሲም የሚገባበት ራውተር ይሻላል፣ ቤት ስትቀይሩ በቦርሳ ይዛችሁት ትወጣላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት የጓደኛ ሲም ተውሳችሁ ክፍሉ ውስጥ፣ ከአልጋው ላይ ሞክሩ። በረንዳ ላይ የሚፈጥን መስመር ውስጥ ሲገባ ያንቀላፋል።

የቆሻሻና የጥበቃ ብር ትንሽ ናት፣ ኪራዩ ውስጥ አለች ወይስ ለብቻ ነች ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ውል ላይ ደግሞ መብራትና ውሃ እንዴት እንደሚከፈል በአንድ መስመር አስጽፉ፣ የገባችሁበትን ቀን የቆጣሪ ቁጥር ጨምራችሁ። የቤት ኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ ሲወስን ስለሆነ ቀበሌ ሄዳችሁ አጣሩ። የስድስት ወር በአንዴ አምጡ የሚል አከራይ ካጋጠማችሁ ግን በትህትና ለመደራደር ጥሩ መነሻ ነው።

ልጅቷ ትናንት የቤቱን ፎቶ ላከችልኝ። ሴራሚክ፣ በረንዳ፣ ከበረንዳው ባሻገር ዘንባባ። «ቆጣሪውስ?» አልኳት። ቆይታ እሱንም ላከች። መስታወቱ አቧራ ብቻ ነው፣ ቁጥር የሚባል አይታይም። ጠረግ አድርጊውና እንደገና አንሺው አልኳት።