ረቂቅ ሦስት፦ ሕጉ በነፃ ይለቀቅ ወይስ አይለቀቅ

ጸሐፊ፣ ማክሰኞ ማታ 2፡10
በረቂቅ ሁለት ላይ ያላችሁትን አስገብቻለሁ። ጠረጴዛ ዙሪያ ዳይስ እየወረወርን ታሪክ የምንጫወትበት የጨዋታችን ሕግ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ባይ 4.0 በሚባለው ነፃ ፈቃድ ይለቀቃል፤ ስማችንን እስከጠቀሰ ድረስ ማንም ይቅዳው፣ ይለውጠው፣ ይሽጠው። ሥዕሉና የዘመቻው ታሪክ ግን መብቱ የእኛ ነው። ፒዲኤፉን በኢንተርኔት ገበያዎቹ ኢች ላይና ድራይቭስሩ አርፒጂ ላይ እንሸጣለን፣ 300 ቅጂ አዲስ አበባ ይታተማል። እስከ እሑድ ተቃውሞ ካልመጣ ማተሚያ ቤት አስገባዋለሁ።

የጉለሌው
14 ሰው 150፣ 150 ዶላር ያዋጣው በነፃ ለመበተን ነው እንዴ? አንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት በሳምንቱ አባዝቶ ይቸበችበዋል።

ባለ ሃያ ፊት
ፎቶ ኮፒ ቤቱ ፈቃድህን አይጠብቅም፤ ብትዘጋውም ያባዛዋል። ደግሞ ሕጉ መቼ የእኛ ሆኖ ያውቃል? ግማሹ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አሳታሚ ለሌላ ጨዋታ ሠሪ ከለቀቀው የሕግ ሰነድ፣ ከኤስአርዲ 5.1 የመጣ ነው። አሳታሚው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ማንም በሕጋቸው እንዲሠራ የፈቀዱበትን የ2000ውን ፈቃድ ሊሽር ሲል የአዲሱ ረቂቅ ሾልኮ ወጣ፤ ከ750,000 ዶላር በላይ ካስገባህ ከትርፉ ሳይሆን ከዚያ በላይ ካለው ገቢ ላይ 25 በመቶ ይላል። ሰው ሁሉ ሲነሣባቸው ነው ኤስአርዲውን በዚሁ በባይ 4.0 የለቀቁት። እሱ ደግሞ አንዴ ከተሰጠ አይነጠቅም። በእኛም አገር ቢሆን በአዋጅ 410/1996 አጻጻፉ እንጂ የጨዋታው አሠራር ጥበቃ የለውም። የገበጣን ሕግ ማን አስመዘገበው? ገበጣውን ጠርቦ የሚሸጠው ግን ይሸጣል።

የጉለሌው
እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው "አይነጠቅም" ያልከው ነው። ቢያንስ ባይ ኤስኤ ይሁን። የእኛን ወስዶ የሠራ የራሱንም በዚያው ፈቃድ ይልቀቅ።

ሰዓሊዋ
እሱን ተዉትና፣ ገጽ 6 ላይ ታሪኩን እየተረከ ጨዋታውን የሚመራውን ሰው "አጫዋች" ብሎ የጻፈው ማነው?

ጸሐፊ
እኔ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስንለው የኖርነው ነው።

ሰዓሊዋ
አጫዋች የንጉሥ ቀልደኛ ነው። ሽፋኑ ላይ ካባ አልብሼ የሣልኩት ሰውዬ ቀልደኛ ይመስላል? ማሲንቆ ላስይዘው?

ሲልቨር ስፕሪንግ
ዳኛ ይባል።

ባለ ሃያ ፊት
ዳኛ ካልነውማ ሲሰደብ ሊያመሽ ነው።

የጉለሌው
ጌም ማስተር ምን አለው?

ሰዓሊዋ
ለእሱማ በእንግሊዝኛው መጫወት ነበራ።

ገንዘብ ያዥ
"የጉድጓድ ጌታ" ስትሉ የነበረበትን ጊዜ አልረሳሁትም።

ባለ ሃያ ፊት
እሱን አንነካም። ዳንጀን ማስተር የእነሱ ስም ነው፤ ኤስአርዲው ራሱ ጂኤም ነው የሚለው። ካነሣነው አይቀር ምዕራፍ 4 ላይ ያለው ቢሆልደር የሚሉት ጭራቃቸውም ይውጣ፤ የእሱ ቁጥሮች ከለቀቁልን ውስጥ የሉም። በቦታው ጅብ እናስገባ።

ሲልቨር ስፕሪንግ
አገኘሁት። አውጪ! ዘፈን ላይ አውጪና ተቀባይ አለ አይደል? እሱ ያወጣል፣ ጠረጴዛው ይቀበላል።

የጉለሌው
"አውጪ" የሚል በር ላይ ቢለጠፍ ቆሻሻ ነው የማወጣለት።

ጸሐፊ
ሦስት ረቂቅ ጽፌ በአንድ ቃል ልንቀር ነው? አጫዋች ይቆያል። ያልተስማማ ይውጣ።

ሰዓሊዋ
እሺ። 11ዱን ሥዕል ይዤ ወጣሁ። ነጭ ሽፋን አትሙ።

ገንዘብ ያዥ፣ ረቡዕ ጠዋት 1፡30
ሌሊቱን የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ፤ ስለ ገንዘብ አንድ መስመር የለበትም። ከሕዝብ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ኪክስታርተር ከኢትዮጵያ ሆኖ አይከፈትም፣ እሱን እርሱት። ድራይቭስሩ ለእነሱ ብቻ ከሰጠናቸው 70 በመቶ፣ ሌላም ጋ ከሸጥን 65 ነው ለእኛ የሚያደርሱት። ኢች ላይ የእነሱን ድርሻ የምንወስነው እኛ ነን፤ ካልነካነው 10 በመቶ ይወስዳሉ። ሁለቱም ጋ እንሽጥ ካላችሁ እንግዲህ 65 ነው። ብሩ በማን ስም ይገባል? ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እዚያው አሜሪካ አካውንት እከፍታለሁ ብለህ ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ግብሩ በእኔ ላይ ነው የሚመጣው። ባለቤቴን ላማክር።

ገንዘብ ያዥ፣ ዓርብ
አማከርካት?

ገንዘብ ያዥ፣ እሑድ
ስልክም አያነሣም።

ሰዓሊዋ
ሥዕሎቹን ልኬላችኋለሁ፤ የዚያን ቀን ተናድጄ ነው። ግን "አጫዋች" የሚል ካለበት ስሜን አውጡልኝ።

ባለ ሃያ ፊት
ስም ጥቀሱ የሚል ፈቃድ ልናወጣ ተሰብስበን የራሳችን ሰዓሊ ስሜን አውጡ ትበል?

ጸሐፊ፣ እሑድ ማታ 3፡00
ረቂቅ አራት። መጽሐፉ ይቆይ። በእጃችን ባለው 2,100 ዶላር ለእንቁጣጣሽ ባለ 24 ገጽ አንድ ጀብዱ፣ ማለትም የሚጫወቱት አንድ ታሪክ ብቻ እናሳትም፤ ጅቡ አለበት። ፊደሉ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ነው፣ አይከፈልበትም። የኤስአርዲው ምስጋና መጨረሻው ገጽ ላይ ገብቷል፣ እሱ ግዴታ ነው። የፈቃዱ ነገር ከበዓል በኋላ። ኢች ላይ የሚለው ተሰርዟል፣ በእጅ እንሸጣለን።

የጉለሌው
በእጅ ከሆነ እኔ 50 እወስዳለሁ። ሰውዬውስ ምን ተባለ?

ጸሐፊ
ነጠብጣብ አድርጌበታለሁ። የገዛው በእስክሪብቶ ይሙላ።

ሰዓሊዋ
ነጠብጣቡ ስንት ሴንቲ ነው? "ተረት ነጋሪ" ይበቃዋል?