ስለ መብራት ለመብራት ኃይል በጋራ የምናስገባው ማመልከቻ፦ የጎንደር ማኅበራችን የዕቅድ ውይይት

ፀሐፊ፦ ማመልከቻውን ከቅዳሜው ስብሰባ በፊት እንጨርሰው። ረቂቁ እስካሁን «መብራት በየጊዜው እየጠፋ ሥራችን ተስተጓጉሏል፤ አስቸኳይ መፍትሔ ይሰጠን» ይላል። የሚጨመርም የሚቀነስም ካለ ጻፉ።

ወፍጮ ቤት፣ አዘዞ፦ ይህ አይበቃም። መብራት ጭልጥ ብሎ ሲጠፋ ወፍጮው ይቆማል፣ ሰውም እህሉን ይዞ ይጠብቃል። እኛን የሚያከስረን ግን ከሦስቱ ፌዝ፣ ማለትም ኃይል ከሚያመጡት ሦስት ሽቦዎች፣ አንዱ ሲቀር ነው። ሞተሩ ማጉረምረም ይጀምራል። የቀሩት ሁለቱ ሸክሙን ሁሉ ይይዛሉ፤ ሞተሩ ቶሎ ካልጠፋ ይቃጠላል። የተቃጠለውን የሞተር ሽቦ በአዲስ ማስጠቅለሉ ስንት ገንዘብ እንደሚፈጅ ያየ ያውቀዋል። ኃይሉ ሲዳከምም እንደዚያው ነው። እህሉ እስካለበት ድረስ ሞተሩ ሸክሙን አይተውም፤ ቮልቴጅ ሲያንሰው ብዙ ከረንት ይስብና ይግላል። ስለዚህ መጥፋት፣ መዳከምና የፌዝ መቅረት ተለያይተው ይጻፉ። የሦስቱም መነሻ አንድ አይደለም፤ መፍትሔያቸውም እንደዚያው። በአንድ ቃል «መብራት ጠፋ» ካልን የሚመጣው ባለሙያ ምን ይፈትሽ?

ዳቦ ቤት፣ ማራኪ፦ ጋሼ፣ በዚህ እስማማለሁ። መጥፋቱን ግን አናቅልለው። ሊጥ አይጠብቅም። ሌሊት አቡክተን ኩፍ ካለ በኋላ መብራት ከሄደ ኮምጥጦ ይደፋል። ለጥገና የሚያጠፉ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት በቀበሌ በኩል ይነገረን። ካወቅን አናቦካም፣ ወይም ለጄኔሬተሩ ናፍጣ እንይዛለን። ይህ ጥያቄ አዲስ ትራንስፎርመር አያስገዛም፤ ለዚህ ነው አንደኛ ይሁን የምለው።

ብረታ ብረት፣ ቀበሌ 18፦ ማታ የሚያዳክመው ምጣድ ነው። ቤቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የሚጥደው። በማታ እንዳይጋገር ይከልከል ብንልስ?

እንጀራ ጋጋሪ፣ ቅዳሜ ገበያ፦ እሱ ከገባ አልፈርምም። ቀኑን ሙሉ ሥራ የዋለች እናት መቼ ትጋግር? እኔስ ልጆቼን የማሳድገው በምን ሆነና! ምጣድ ብዙ እንደሚወስድ አልክድም። ግን የመኖሪያ ቤት አብዛኛው በአንድ ፌዝ ነው የተቀጠለው። ሰፈሩ አንዱ ፌዝ ላይ ተከምሮ ሌላው ቀሎ ከሆነ፣ ጥፋቱ የምጣድ አይደለም። ይለካና ጭነቱ ይከፋፈል በሉ።

ብረታ ብረት፣ ቀበሌ 18፦ እሺ እትዬ፣ ይውጣ።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ፒያሳ፦ እትዬ ያሉት ትክክል ነው። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይፈልጋል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ይሆናል። አሥር ቤት አንድ ፌዝ ላይ ሲጥድ አስቡት። ትራንስፎርመር ይቀየርልን ከማለታችን በፊት ጭነቱ ይለካ፣ ይከፋፈል፤ ከዚያም ካልበቃ ትልቅ ይተከል ማለት ይሻላል። እንዲህ ስንጽፍ «በጀት የለም» ብሎ መመለስም ይከብዳል።

እኛም መዝገብ እንያዝ። ቀን፣ የጠፋበትና የመጣበት ሰዓት፣ የማታው ቮልቴጅ። ማታ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ይለካ፤ መዳከሙ የሚብሰው ያኔ ነው። በፌዝና በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) መካከል 220፣ በፌዝና በፌዝ መካከል 380 አካባቢ መሆን አለበት። የሚለካው ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ በዚህ አልደራደርም።

ሌላም አለ። አንዱ ክፍል አምፖሉ ከልክ በላይ ደምቆ ሌላው ክፍል ወይም ጎረቤት ከደበዘዘ፣ ኒውትራል ላልቶ ወይም ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ለ220 የተሠራ ዕቃ ላይ ወደ 380 የሚጠጋ ሊገባበት ይችላል። ዋናውን ብሬከር አጥፉና ወዲያው አመልክቱ። ወፍጮ ቤቶች ደግሞ ፌዝ ሲቀር ሞተሩን የሚያጠፋ ሪሌ ብታስገጥሙ፣ ዋጋው ከማስጠቅለያው ጋር አይወዳደርም። ይህን ማንንም ሳንጠብቅ ራሳችን የምናደርገው ነው።

ወፍጮ ቤት፣ አዘዞ፦ የባሕር ዛፉን ነገር እንዳትረሱ። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ቅርንጫፉ ሽቦው ላይ ይተኛል። ክረምት ሳይገባ ይቆረጥ፤ የሰው ጉልበት ከማኅበሩ፣ መስመሩን ማጥፋት ከመብራት ኃይል።

ፀሐፊ፦ ረቂቁን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦

«የሚደርስብን ችግር ሦስት ዓይነት ነው፦ መጥፋት፣ የኃይል መዳከምና የፌዝ መቅረት። የአንድ ወር መዝገብ አያይዘናል። 1ኛ፣ ለጥገና የሚጠፋበት ሰዓት ከአንድ ቀን በፊት በቀበሌ በኩል ይነገረን። 2ኛ፣ የየትራንስፎርመሩ ጭነት ማታ ተለክቶ በሦስቱ ፌዝ ይከፋፈል፤ ካልበቃ አቅሙ ይደግ። 3ኛ፣ ወደ መስመሩ የተጠጉ ዛፎች ከክረምት በፊት እንዲቆረጡ መስመሩ የሚጠፋበት ቀን ይወሰን፤ ማኅበሩ የሰው ጉልበት ያቀርባል።»

መዝገቡ ወር ስለሚፈጅ ቅዳሜ ጽሑፉን ብቻ እናጽድቅ፤ የምናስገባው መዝገቡ ሲሞላ ነው። ለማራኪና ለቀበሌ 18 የሚለካልን ባለሙያው ነው። ለአዘዞ ሰው አላገኘንም። ጋሼ፣ እዚያ የሚያውቁት ሙያተኛ ካለ እስከ ዓርብ ያሳውቁኝ።