መርዘኛ እባብ ባለበት ጫካ ስናድር ምን እንጠንቀቅ?

ጀማሪ ተጓዥ፦
ሰላም ጓዶች። ከጓደኞቼ ጋር ድንኳን ይዘን ጫካ ልናድር ነው። አካባቢው መርዘኛ እባብ አያጣውም ይባላል። እየጮህን ከሄድን ይሸሻል የሚሉኝ አሉ፣ እውነት ነው? አያድርገውና አንዳችንን ቢነድፍስ፣ ምላጭ ልያዝ?

እግረኛው፦
ወንድሜ፣ በጩኸት አትተማመን። እባብ የውጭ ጆሮ የለውም፣ ይበልጥ የሚያነቃው የመሬቱ ንዝረት ነው፤ ስለዚህ ረገጥ ረገጥ እያደረግክ ሂድ። አብዛኛው ኮቴ ሲሰማ ገለል ይላል። እፉኝት ግን ብዙ ጊዜ ከመሸሽ ይልቅ ድርቅ ብላ ትተኛለች፤ መልኳ ከደረቅ ቅጠል ጋር ስለሚመሳሰል አጠገቧ ደርሰህ እንኳ ላታያት ትችላለህ። የወደቀ ግንድ ሲያጋጥምህ ዘለህ አትሻገረው። መጀመሪያ ላዩ ላይ ቁም፣ ማዶውን ጎንበስ ብለህ እይ፣ ከዚያ ውረድ። ማገዶ ስትለቅምም በዱላ ገለበጥ ሳታደርግ እጅህን አትስደድ። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቦት ጫማና ሰፋ ያለ ረጅም ሱሪ ልበስ።

ማታ ማታ፦
እኔን የሚያሳስበኝ ሌሊቱ ነው። ለሽንት ብሎ በነጠላ ጫማ፣ ያለ ባትሪ መውጣት በጣም አደገኛ ነው። የድንኳኑ ዚፕ ሁሌ ይዘጋ፣ ጠዋት ጫማችሁን አራግፉ። የምግብ ፍርፋሪ አይጥ ይጠራል፣ አይጥ ደግሞ እባብ።

ነርሷ፦
ምላጩን እቤት ተወው፣ እባክህ። መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይ ማስቀመጥ፣ አንዱም መርዙን አያወጣም። በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ደግሞ ደም ስለሚያቋርጥ እግር እስከማስቆረጥ ያደርሳል። ሳያብጥ ቀለበት፣ ሰዓትና ጫማ አውልቁለት፣ የተነደፈውን እግር በእንጨት ደግፋችሁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ፣ ከተቻለ ተሸክማችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በእባብ ንድፊያ በዓመት ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው ይሞታል፤ ብዙው ፀረ-መርዙ በጊዜ ቢደርስለት የሚተርፍ ነው። የትኛው ሆስፒታል ፀረ-መርዝ እንዳለው ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ አጣሩ። እባቡን ለሐኪም ለማሳየት ብላችሁ እንዳትገድሉት፣ የተቆረጠ ጭንቅላት እንኳ ሊነድፍ ይችላል።

ጀማሪ ተጓዥ፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ ምላጩ ቀርቷል። ዓይን ላይ መርዝ የሚተፋ ኮብራም አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እሱስ?

ነርሷ፦
አዎ አለ። ዓይንህን እንዳታሸው። ወዲያው በብዙ ንጹህ ውሃ እጠበው፣ ቢያቃጥልህም አታቋርጥ፤ ከዚያ ሐኪም ይየው።