ግሬድልን ካሳደግኩ ወዲህ ቢልድ እምቢ አለኝ

ጥያቄ (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)
ሰላም ቤተሰብ። ከዚራ ላለ አንድ ሱቅ የእቃ መመዝገቢያ አፕ እየሠራሁ ነው፣ ቅዳሜ ማስረከብ አለብኝ። ትናንት አንድሮይድ ስቱዲዮ (አፑን የምጽፍበት ፕሮግራም) የግሬድል (ኮዱን ወደ አፕ የሚገነባው መሣሪያ) ፕለጊኑን ከ7.4 ወደ 8.0 ላሳድግልሽ ሲለኝ እሺ አልኩት። ከዚያ ወዲህ "ኔምስፔስ ኖት ስፔሲፋይድ" እያለ ይቆማል። ካሹን (የወረዱት ፋይሎች የሚቀመጡበትን) ሙሉ በሙሉ ሰርዤ እንደገና አወረድኩት፣ ግሬድሉ ብቻ ከ100 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ የገዛሁት የዳታ ፓኬጅ እዚያው አለቀ፣ ስህተቱ ግን ያው ነው። እባካችሁ ጨንቆኛል።

መልስ (ከሐረር)
እህቴ፣ ካሹን ተይው፣ ችግሩ እዚያ አይደለም። ድሮ ኔምስፔሱ፣ ማለትም የአፑ ኮድ መለያ ስም፣ ማኒፌስቱ (የአፑ መግለጫ ፋይል) ላይ "ፓኬጅ" ከሚለው ይነበብ ነበር፣ ከ8.0 ጀምሮ ግን ያ ቀርቷል። ስሙን ከዚያ አውጪና በአፑ ቢልድ ዶት ግሬድል ፋይል ውስጥ፣ "አንድሮይድ" በሚለው ቅንፍ ሥር "ኔምስፔስ" ብለሽ አስገቢው። አንድ ፊደል እንዳትቀይሪ፣ ኮዱ የአፑን ምስሎችና ጽሑፎች የሚጠራበት "አር" ክላስ የሚፈጠረው በዚያ ስም ስለሆነ ኮዱ ሁሉ ቀይ በቀይ ይሆንብሻል። ስህተቱ የትኛውን ሞጁል (የፕሮጀክቱን ክፍል) እንደሚጠራም እዪ። አፑን የሠራሽው በፍላተር (በጉግል የአፕ መሥሪያ) ከሆነና "አፕ" የሚለውን ካልጠራ፣ ያረጀ ፕለጊን አለሽ ማለት ነው፣ እሱን አሳድጊው።

ጠያቂዋ
አቦ፣ እግዜር ይስጥህ! ያኛው አለፈ። አሁን ደግሞ ቢልድኮንፊግን (ቢልድ ሲደረግ የሚፈጠረውን የአፑን ቅንብሮች የያዘ ክላስ) አላገኘሁም ይላል። ከተርሚናል ሳስኬደው ጃቫ 17 ይጠይቀኛል፣ ስቱዲዮው ውስጥ ግን አይጠይቅም።

መልስ (ከመጋላ፣ ድሬዳዋ)
ሁለቱም ከ8.0 ጋር የመጡ ናቸው። ቢልድኮንፊግን ካሁን በኋላ ካልጠየቅሽው አይሠራልሽም፣ በዚያው ቢልድ ዶት ግሬድል ውስጥ "ቢልድፊቸርስ" ሥር "ትሩ" አድርጊው። ጃቫውን በተመለከተ፣ ስቱዲዮው የራሱን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ተርሚናሉ ግን "ጃቫ ሆም" የሚያሳየውን ይወስዳል። ያንቺ 11 ሳይሆን አይቀርም። 17ን ጫኚና ወደሱ አዙሪው። ወደ 21 ግን አትዝለዪ፣ ግሬድል 8.0 በሱ ላይ አይነሳም፣ ቢያንስ 8.5 ይፈልጋል። እኔ "ሜጀር ቨርዥን 65" የሚል ስህተት ይዤ ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ፣ 65 ማለት ጃቫ 21 መሆኑን ያወቅኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ካልሆነልሽ በጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ) ማሳደጉ ከመጀመሩ በፊት ወዳስቀመጥሽው ኮሚት ተመለሺና በ7.4 አስረክቢ፣ ማሳደጉን በሌላ ብራንች (የኮዱ ቅጂ) ትጨርሺዋለሽ። ራፐሩ (ግሬድልን የሚያወርደው) አድራሻ ላይ "ኦል" የሚል ካለ "ቢን" አድርጊው፣ አነስ ያለውን ስለሚያወርድ ዳታሽን ይቆጥብልሻል።

ጠያቂዋ
ጃቫ 17 ጭኜ ቢልዱ አለፈ! ኤፒኬውን (የሚጫነውን የአፑን ፋይል) ስልኬ ላይ ጭኜ ከፈትኩት፣ የሱቁ እቃዎች ሁሉ አሉ። ኮሚት አድርጌዋለሁ። ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።